በነባር ሕዝቦች ቀዬ ራስን ማጥፋትን የመከላከል ሥልጠና እንዴት ይሰጣል? ከግብዣው እስከ ሦስተኛው ወር ስልክ

ካናዳ ውስጥ በነርስነት፣ በሶሻል ወርክ ወይም በአእምሮ ጤና ሥራ የሚተዳደር ሀበሻ ጥቂት አይደለም። ከነዚህ አንዱ ከሆናችሁ አንድ ቀን አለቃችሁ ጠርቶ «ሰሜን አንድ የፈርስት ኔሽን ቀዬ ሥልጠና ይፈልጋል፣ ሁለት ቀን ነው፣ ትሄዳለህ?» ሊላችሁ ይችላል። ፈርስት ኔሽን ከካናዳ ነባር ሕዝቦች የአንዱ ወገን መጠሪያ ነው። እኔም እንዲሁ ነው የተላክሁት። ስላይዴን አሳምሬ፣ ሰርተፊኬት አሳትሜ፣ በትንሽ አውሮፕላን ሄድኩ። ሰዎቹ ሁለቱንም ቀን በጨዋነት ሰሙኝ። ሲያልቅ አንዲት አያት ጠጋ ብለው ጠየቁኝ። እኔ ነገ እሄዳለሁ፤ ቅዳሜ ሌሊት አንድ ልጅ መኖር አልፈልግም ቢላቸው የማንን በር ያንኳኩ?

መልስ አልነበረኝም። ስላይዴ ላይ «ወደ ባለሙያ ይላኩ» ይላል። የአእምሮ ጤና ባለሙያዋ ግን እዚያ ቀዬ የምትመጣው በወር አንድ ሳምንት ብቻ ነው።

ከዚያ ወዲህ አሠራሬን ከስሩ ቀይሬያለሁ። አሁን እንዴት እንደምሠራ በቅደም ተከተል ልንገራችሁ። አንዳንዱ እርምጃ አንድ መስመር ይበቃዋል፤ አንዳንዱ ግን ብዙ ያስወራል።

ከሁሉ በፊት፦ ቁጥሩን አሟልታችሁ ያዙ

የካናዳ ስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤት ከ2011 እስከ 2016 ያለውን ጊዜ አጥንቷል። ከ100,000 ሰው በዓመት ራሱን ያጠፋው፣ ከነባር ሕዝቦች ውጭ ባለው ነዋሪ 8፣ በፈርስት ኔሽንስ 24.3፣ በሰሜን ጫፍ በሚኖሩት ነባር ሕዝቦች በኢኑይት 72.3 ነበር። ይህን ሁሉም ይጠቅሰዋል። እዚያው ጥናት ላይ ያለውን ሌላውን ቁጥር ግን ብዙ ሰው ይዘለዋል፦ ከ60 በመቶ በሚበልጡት የፈርስት ኔሽንስ ማኅበረሰቦች በነዚያ ዓመታት አንድም ሰው ራሱን አላጠፋም።

እና «ነባር ሕዝብ ሲባል እንዲህ ነው» የሚል ወሬ ይዛችሁ አትሂዱ። ማይክል ቻንድለርና ክሪስቶፈር ላሎንድ የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች በ1998 ያሳተሙት የብሪቲሽ ኮሎምቢያ ጥናት አለ። ትምህርት ቤታቸውን፣ ጤና አገልግሎታቸውንና ፖሊሳቸውን ራሳቸው የሚመሩ፣ ስለ መሬታቸው የሚሟገቱ፣ የባህል ቦታ ያላቸው ማኅበረሰቦች ውስጥ የወጣቶች ራስን ማጥፋት እጅግ ዝቅ ያለ ነበር። እነዚህን ነገሮች አሟልተው የያዙት ዘንድ ጭራሽ አልነበረም። በ2007 ደግሞ አብዛኛው ሰው በራሱ ቋንቋ መነጋገር የሚችልበት ቀዬ በዚህ ረገድ የተሻለ መሆኑን አሳይተዋል።

ቁስሉ የመጣበትን መንገድም እወቁ። ወደ 150,000 የሚጠጉ የነባር ሕዝቦች ልጆች ከወላጆቻቸው ተነጥለው በአዳሪ ትምህርት ቤቶች ገብተዋል። ቋንቋቸውን መናገር ያስቀጣ ነበር። የመጨረሻዎቹ ትምህርት ቤቶች የተዘጉት በ1990ዎቹ መጨረሻ ገደማ ነው። ሥልጠናው ላይ ከፊታችሁ ከሚቀመጡት አንዳንዶቹ እዚያ ያደጉ ናቸው። እና እናንተም «ለደኅንነታችሁ ነው» እያላችሁ ነው የምትመጡት። ይቺን ቃል ከዚህ በፊት ሰምተዋታል።

1. ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት

የጠራችሁ ማን ነው? የመሥሪያ ቤታችሁ በጀት መዝጊያ ስለደረሰ የመጣ ጉዞ ከሆነ ይቅርባችሁ። ግብዣው ከቀዬው ምክር ቤት ወይም ከጤና ዳይሬክተሩ ይምጣ። ከዚያ በስልክ ሦስት ነገር ጠይቁ። ከዚህ በፊት ምን ዓይነት ሥልጠና ወሰዳችሁ? ከዚያ ውስጥ የተጠቀማችሁበት የቱ ነው? አሁን የምትፈልጉት ከኛ ሥልጠና ነው ወይስ ሌላ ነገር? አንዴ ለመጨረሻው ጥያቄ የተሰጠኝ መልስ ሥልጠና አልነበረም። ለወጣቶች ማምሻ የሚከፈት አዳራሽና አዳራሹን የሚያሞቅ ሰው ነው የፈለጉት። ደብዳቤ ጻፍኩላቸው። ከሰጠኋቸው ሥልጠናዎች ሁሉ ያ ደብዳቤ የበለጠ ሠርቷል ብዬ አምናለሁ።

ቀኑን እነሱ ይቁረጡት። በኩቤክ፣ ክሪ የሚባሉት የጄምስ ቤይ ፈርስት ኔሽንስ ዘንድ ጸደይ ላይ የዝይ አደን ዕረፍት አለ። ትምህርት ቤት ይዘጋል፣ ቤተሰብ ሁሉ ወደ ጫካ ይወጣል። ያን ሳምንት አዳራሽ ውስጥ ወንበር ደርድሮ መጠበቅ የራስ ጥፋት ነው። ቀዬው ውስጥ ሰው ከሞተ ደግሞ ሥልጠናው ይተላለፋል። ለቅሶ ቤት ያለበት መንደር ውስጥ ማይክሮፎን እንደማይዘረጋ ለኛ ሰው ማስረዳት የሚያስፈልግ አይመስለኝም።

2. ሰው ከመሰብሰባችሁ በፊት የሌሊቱን ወረቀት ሥሩ

ከዚህ መመሪያ አንድ እርምጃ ብቻ ትወስዳላችሁ ብባል ይሄን እመርጥ ነበር። ሰውን «ጠይቁ» ብሎ አሠልጥኖ፣ መልሱ «አዎ» ሲሆን የሚሄድበት ካላሳዩት ጉዳት ነው።

አንድ ባዶ ወረቀት ውሰዱ። ቀኑን በሦስት ክፈሉት፦ የሥራ ሰዓት፣ ማታ፣ ከእኩለ ሌሊት እስከ ንጋት። ቅዳሜና እሁድን ለብቻ አድርጉት። ከዚያ ከጤና ዳይሬክተሩና ከነርሷ ጋር ሆናችሁ በየሣጥኑ የሰው ስም ሙሉበት። የመሥሪያ ቤት ስም አይበቃም፤ መሥሪያ ቤት ሌሊት ስልክ አያነሳም። የጤና ጣቢያው የተረኛ ስልክ ስንት ነው? ፖሊስ እዚሁ ነው ያለው ወይስ ከሌላ ቀዬ ነው የሚመጣው? ጭጋግ ወርዶ አውሮፕላን ቢቀር ሰውዬው የት ያድራል? ማን አብሮት ይቀመጣል? ቤተሰቡ ውስጥ ጠብ ካለ የማን ሳሎን ክፍት ነው?

ባዶ የቀረ ሣጥን ካለ ሥልጠናው አይጀመርም። እኔ በዚህ ግትር ነኝ።

ወረቀቱ ግርጌ የስልክ መስመሮቹን ጻፉ። ካናዳ ውስጥ ራስን የማጥፋት ሐሳብ ለመጣበት ሰው የተዘጋጀው 988 ከኖቬምበር 2023 መጨረሻ ጀምሮ በእንግሊዝኛና በፈረንሳይኛ ይሠራል፤ መደወልም መልእክት መጻፍም ይቻላል። ለነባር ሕዝቦች የተዘጋጀው ሆፕ ፎር ዌልነስ የሚባለው መስመር 1-855-242-3310 ነው። ቀንም ሌሊትም ክፍት ነው፤ በክሪ፣ በኦጂብዌ ወይም በኢኑክቲቱት የሚያናግር ሰው መጠየቅ ይቻላል። አሜሪካ ያላችሁም 988ን ትጠቀማላችሁ፤ ዋሽንግተን ስቴት ውስጥ 988 ደውላችሁ 4ን ስትጫኑ ነባር የሆኑ አማካሪዎች ያነሳሉ። አውስትራሊያ ደግሞ አቦርጂናሎችና የቶረስ ስትሬት ደሴቶች ሰዎች ራሳቸው የሚያነሱት 13 92 76 አለ። ቁጥሩን ከመጻፋችሁ በፊት ከዚያው ቀዬ ራሳችሁ ደውላችሁ ሞክሩት። አንዳንድ ቦታ የሞባይል ኔትወርክ የሚይዘው ሱቁ በር ላይ ብቻ ነው።

3. የትኛውን ሥልጠና? በጥንቃቄ ምረጡ

ገበያው ላይ የታወቁት ጥቂት ናቸው። አሲስት የሚባለው ሁለት ሙሉ ቀን ይወስዳል፤ ካልጋሪ ከተማ የተመሠረተው ሊቪንግወርክስ ያዘጋጀው ነው። የሱው ታናሽ ሴፍቶክ ግማሽ ቀን ይፈጃል። ኪው ፒ አር ደግሞ አንድ ሁለት ሰዓት ይበቃዋል፤ ጠይቅ፣ አሳምን፣ አገናኝ ማለት ነው። ሁሉም ለየቀዬው ሳይስተካከሉ እንዳሉ ከሄዱ እንግዳ ልብስ ናቸው።

ማስረጃ ልስጣችሁ። በሰሜን ማኒቶባ ከስዋምፒ ክሪ ማኅበረሰቦች ጋር የተሠራና በ2013 የታተመ ጥናት አለ። 55 ሰዎችን በዕጣ ለሁለት ከፈሏቸው። ገሚሱ አሲስትን ሁለት ቀን ወሰደ፤ ገሚሱ ሁለት ቀን ስለ ጥንካሬና ስለ ኑሮ የሚወያይበት ቆይታ አደረገ። አሲስት የወሰዱት ከሌሎቹ በልጠው ሰው ሲረዱ አልታዩም። ይባስ ብሎ በሠልጣኞቹ በራሳቸው ላይ የሞት ሐሳብ የመጨመር አዝማሚያ ስለታየ አጥኚዎቹ አሳሳቢ ነው ብለው ጻፉ። ጥናቱ ትንሽ ነው፤ ሥልጠናውን ወደ ቆሻሻ ጣሉት አላልኩም። ሰውን ያሠለጠናችሁት መስሏችሁ ቁስሉን ነክታችሁ ልትመለሱ ትችላላችሁ ማለቴ ነው። በሌሎች ቦታዎች አስተካክለው የሠሩም አሉ። ኑናቩት ውስጥ ኢኑይቶቹ አሲስትን በራሳቸው መንገድ አሻሽለው በኢኑክቲቱት «ተነጋገሩበት» የሚል ስም ሰጥተውታል።

ጭራሽ ከሌላ ጫፍ የጀመሩም አሉ። በደቡብ ምዕራብ አላስካ ዩፒክ የሚባሉት ነባር ሕዝቦች ቁንጋስቪክ የሚሉት ሥራ አላቸው፤ በቋንቋቸው የመሣሪያ ሣጥን እንደማለት ነው። እዚያ ስለ ሞት የሚያወራ ስላይድ የለም። አዛውንቶች ልጆቹን አደን ይዘው ይወጣሉ፣ ሰው እንዴት እንደሚኖር ያስተምራሉ። ዓላማው ለመኖር ምክንያት ማብዛት ነው። በሰሜን ምዕራብ አላስካ ደግሞ ፒሲ ኬርስ የሚባል አለ። የቀዬው ሰው ራሱ ያወያያል። አጠር ያለ የጥናት መረጃ ይቀርባል፣ ቀጥሎ «ምን ይመስለናል? ምን እናድርግ?» ተባብሎ ክብ ሆኖ ማውራት ነው። አሠልጣኝ ነኝ ባይ መሀል ላይ የለም።

እኔን ይበልጥ የሚያስደምመኝ ግን አሪዞና ውስጥ የኋይት ማውንቴን አፓቺዎች ሥራ ነው። በ2001 የራሳቸው ምክር ቤት ወሰነ፦ ራሱን ለማጥፋት ያሰበ ወይም የሞከረ ሰው መኖሩን ያወቀ ሁሉ፣ ለጎሳው መዝገብ ያሳውቃል። ሪፖርት ሲመጣ አፓቺ የሆነ ሠራተኛ ቤቱ ድረስ ሄዶ ሰውዬውን ያያል፣ ከሕክምና ጋር ያገናኛል። የጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ አብሯቸው ሠርቷል። መዝገቡ ግን የነሱ ነው። ሥልጠናም ነበረ፣ አዛውንቶች ትምህርት ቤት ገብተው ማስተማርም ነበረ። ከ2001 እስከ 2006 በዓመት ከ100,000 ሰው 40 የነበረው ሞት ከ2007 እስከ 2012 ወደ 24.7 ወረደ። ትንሽ ሕዝብ ስለሆነ ቁጥሩ ሊዋዥቅ ይችላል፤ ቢሆንም ቀላል ነገር አይደለም። ልብ በሉ፦ ሥልጠናው ከቤት ለቤቱ ጉብኝት ጋር ተያይዞ ነው የሄደው። ብቻውን አልተላከም።

እና ምርጫውን ለተጋባዦቹ አቅርቡ። «ሁለት ቀን የሚፈጀው ይሄ ነው፣ ግማሽ ቀኑ ይሄ ነው፣ ክብ ሆኖ ማውራቱ ይሄ ነው፤ የትኛው ይሻላል?» በሉ። ከዚያ ዝም በሉ። ዝምታው ይረዝማል። አትሙሉት።

4. ማን ይሠልጥን?

አስተማሪና ፖሊስ ብቻ አይበቃም። ልጆች ምሥጢር የሚነግሩት ለሆኪ አሠልጣኙ፣ ለሱቋ ካሸር፣ ለትምህርት ቤት አውቶቡስ ሹፌሩ ነው። ክሪዎች ኮኩም የሚሏት አያት ደግሞ ሳትጠይቅም ታውቃለች። አሥራ አምስት ሰው ይበቃል። በቅርብ ሰው የሞተበት ካለ አስቀድማችሁ ለብቻው አናግሩት፤ ልምጣ ካለ ይምጣ፣ ልቅር ካለም ማንም ቅር አይበለው።

5. የራሳችሁን ሻንጣ ፈትሹ

እዚህ ላይ ስለኛ ትንሽ ላውራ። ራሱን ያጠፋ ሰው ፍትሐት አይደረግለትም ሲባል እየሰማን ያደግን ሰዎች ነን። ለቅሶ ቤት «በድንገት አረፈ» ይባላል፣ ሁሉም ያውቃል፣ ማንም አይጠይቅም። ሰውን ዝም በል የማለት ልማዱ አለን፤ ቶሎ «ተው እንጂ፣ እግዜርን አታሳዝን» ማለትም ይቀናናል። ይቺ ቃል ክሪም ሆነ ሀበሻ ፊት ስትወጣ የሰውዬውን አፍ ትዘጋለች። የአዳሪ ትምህርት ቤቶቹን አብዛኞቹን የሚያስተዳድሩት አብያተ ክርስቲያናት እንደነበሩም አትርሱ። ስለዚህ ከመሄዳችሁ በፊት በአማርኛ፣ ብቻችሁን፣ ጮክ ብላችሁ ጥያቄውን ተናገሩት፦ «ራስህን ለማጥፋት እያሰብክ ነው?» ምላሳችሁ ከያዘው፣ እንግሊዝኛውም ላይ ይይዘዋል። እኔ መታጠቢያ ቤት መስተዋት ፊት ደጋግሜ ነው የለመድኩት።

6. የሥልጠናው ቀን

የሚከፍተው አዛውንት ነው፤ ከእናንተ ማንም አይክፈት። እንዴት እንደሚጋበዙ ቀድማችሁ ጠይቁ። በብዙ ክሪና ኦጂብዌ ቀዬዎች አዛውንት ሲለመኑ ትምባሆ ይሰጣል፤ ኢኑይቶች ዘንድ ግን ይህ ልማድ አይደለም፤ እነሱ ቁሊቅ የሚሉትን መብራት ሊያበሩ ይችላሉ። አንዱን ከሌላው አትቀላቅሉ። የድካማቸውንም ክፈሉ። በክፍያ ወረፋ አታስጠብቋቸው፤ በዕለቱ በፖስታ ይሰጣቸው።

ወንበሩ ክብ ይሁን። ሾርባና ዳቦ ይኑር። የጎን ክፍል ይኑር፣ እዚያም የቀዬው ሰው የሆነ ረዳት ይቀመጥ። ሥራው አንድ ብቻ ነው፦ ተነሥቶ የወጣ ሰው ካለ ይከተለዋል። ጠዋት ላይ ይህን ንገሯቸው፦ «የሰማነው እዚሁ ይቀራል፤ የሰው ሕይወት አደጋ ላይ ከሆነ ግን ለብቻችን አንይዘውም።» ራሱን ስላጠፋ ሰው ሲወራ እንዴት እንዳደረገው አይተረክ፤ ወሬው ወደዚያ ሲሄድ በለዘበ አንደበት መልሱት።

ከዚያ ልምምዱ። ሁለት ሁለት አድርጓቸው። አንዱ ተጨንቋል፣ አንዱ ይጠይቃል። እንደሚከተለው ይሄዳል፦

«ሰሞኑን ልምምድ ላይ አላይህም።»

«ደከመኝ።»

«ከወንድምህ ጉዳይ ወዲህ ልክ አይደለህም። ራስህን ለማጥፋት አስበሃል?»

(ዝምታ።)

«... አንዳንዴ።»

«ስለነገርከኝ ደስ አለኝ። አልሄድም፣ እዚሁ ነኝ። ንገረኝ።»

ብዙዎቹ ሦስተኛው መስመር ላይ ይሰናከላሉ። «መጥፎ ነገር ልታደርግ አይደለም አይደል?» ብለው ይጠይቃሉ። ይህ ጥያቄ «አይደለም» የሚለውን መልስ ይለምናል። አስቁሟቸው፣ እንደገና ይሞክሩ። «ብጠይቀው ሐሳቡን አስገባበት ይሆን?» የሚል ፍርሃት ሁልጊዜ ይነሣል። ጥናቶች የሚሉት መጠየቅ ሐሳቡን አይፈጥርም ነው። ብዙ ሰው የሚጠይቀው በማግኘቱ እፎይ ይላል።

«ንገረኝ» ከተባለ በኋላ ያለው ጊዜ የማዳመጥ ነው። ምክር፣ ጸሎት፣ ተረት ይቆይ። ቀጥሎ ሦስት ነገር ይጠየቃል፦ ዛሬ ማታ ደኅና ነህ? አጠገብህ አደገኛ ነገር አለ? ማን አብሮህ ይሁን? ሁለተኛው ጥያቄ አዳኝ በሆነ ቤት ውስጥ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ጠመንጃ እዚያ የእራት መንገድ ነው። «ጣሉት» ብትሉ ጨዋታው ያበቃል። «ለጊዜው አጎትህ ዘንድ ተቆልፎ ይቀመጥ» ቢባል ግን የሚሠራ ሐሳብ ነው። መድኃኒትም እንዲሁ። በመጨረሻ የሌሊቱ ወረቀት ይወጣና አብረው ይደውላሉ። «ደውልለት» ብሎ ቁጥር ሰጥቶ መሄድ የለም። ስልኩ እስኪነሣ አጠገቡ ይቆማሉ።

ልምምዱ ሲያልቅ ሰዎቹን ከሚናቸው አውጧቸው። ስማቸውን ጥሩ፣ ይነሡ፣ ውጭ ወጥተው አየር ያግኙ። የተጨነቀውን ሰው ሆኖ የተቀመጠው ሁሉ ተዋናይ ብቻ አይደለም።

7. ስትመለሱ

ማታውኑ ለእያንዳንዱ ሠልጣኝ ደውሉ፤ ካልሆነ ረዳቱ ይደውል። «እንዴት አደርክ?» ጠዋት ነው፣ «እንዴት ዋልክ?» ማታ ነው፤ ሁለቱም ያስፈልጋሉ።

የሞሉት መጠይቅ፣ የስም ዝርዝሩ፣ ያነሣችሁት ፎቶ የማን ነው? ፈርስት ኔሽንስ ከ1998 ጀምሮ ኦካፕ የሚሉት መርሕ አላቸው፦ መረጃው የኛ ነው፣ እኛ እንቆጣጠረዋለን፣ እኛ እናገኘዋለን፣ እኛ ዘንድ ይቀመጣል። ዋናውን ቅጂ እዚያው ትታችሁ ኑ። ለአለቃችሁ ሪፖርት ስትጽፉ መጀመሪያ የጋበዛችሁ ሰው ያንብበው።

ቀጣዩን ሥልጠና ማን ይምራ? በሁለተኛው ጉዞ አብሯችሁ የሚቆም የቀዬው ሰው ይኑር። በሦስተኛው እሱ ይምራና እናንተ ሻይ ቅዱ። በአራተኛው መሄድም ላያስፈልጋችሁ ይችላል። አለቃችሁ ይህን ላይወደው ይችላል፤ የጉዞ ቁጥር ይቀንስበታል።

ስለ ራሳችሁም፦ ከእንዲህ ዓይነት ሁለት ቀን በኋላ ቤት ገብቶ በቀጥታ እንቅልፍ የለም። ከሚያውቃችሁ ሰው ጋር ቡና ጠጡ። 988 ለእናንተም ይሠራል።

በሁለተኛው ሳምንት ደውሉ። በሦስተኛው ወርም ደውሉ። ስለ ሥልጠናው አትጠይቁ። ወረቀቱ አሁንም ፍሪጁ ላይ ተለጥፎ እንደሆነ፣ ሌሊት ላይ የተጻፈው ሰው አሁንም እዚያ እንዳለ፣ ስልኩ አሁንም እንደሚሠራ ጠይቁ። ነርሷ ተቀይራ ሊሆን ይችላል። ያኔ እርሳስ ይነሣና ስሙ ይታረማል።